ስለ ወንዝ አሸዋና ስለ ጨው ውሃ በሰሜን ሸዋ የሚባለውና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካውና ፎቁ ከበዛ ወዲህ የአሸዋ ፈላጊው ጨምሯል። ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ባለው ቆላም ወንዝ ለወንዝ አካፋና ሲኖትራክ ማየት ብርቅ አይደለም። ከአሸዋው ጋር ወሬውም አብሮ ይጫናል።

«አሸዋው ካለቀ የባሕር ውሃ ገብቶ ጉድጓዳችንን ጨው ያደርገዋል»

ይህኛው ከስልክ የመጣ ወሬ ነው፤ መነሻው ግን ውሸት አይደለም። ቬትናም ውስጥ ሜኮንግ ወንዝ ባሕር በሚገባበት አካባቢ አሸዋው እየተዛቀ የወንዙ ወለል ወርዷል፤ በበጋ ወንዙ ሲቀንስ የባሕሩ ውሃ ወደ ውስጥ እየገፋ የሩዝ ማሳ ያበላሻል። ከመሬት በታችም ነገሩ ያው ነው። በባሕር ዳርቻ ጨው አልባው ውሃ ቀለል ስለሚል በጨዋማው ላይ ይንሳፈፋል፤ ከባሕር ወለል 1 ሜትር ከፍ ብሎ ሲቆም ከሥሩ ጨዋማውን እስከ 40 ሜትር ገደማ ገፍቶ ይይዛል። ስለዚህ ላይኛው ግማሽ ሜትር ብቻ ቢወርድ ጨዋማው ከታች 20 ሜትር ያህል ሊነሳ ይችላል።

እኛ ጋ ግን ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ቀይ ባሕር ይመጣብኛል ብሎ የሚሰጋ ካለ ተረጋግቶ ይተኛ። የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ የወንዙ ወለል ሲወርድ በዙሪያው ያለው የከርሰ ምድር ውሃም አብሮ ይወርዳል። በባሕር ዳርቻ ጨው አልባው ውሃ የለቀቀውን ቦታ ጨው ውሃ ይይዘዋል። እዚህ የሚይዘው ስለሌለ ጉድጓዱ ይደርቃል።

«አሸዋ እንደ ሣር ነው፤ ክረምት ይመልሰዋል»

በጣም የሚጎዳን ይኼ አባባል ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነም ሰው በቀላሉ ያምነዋል። ጎርፍ በየክረምቱ አሸዋ ያመጣል። ነገር ግን የሚያመጣው ተራራው የሰጠውን ያህል እንጂ ገበያው የጠየቀውን ያህል አይደለም። ከሚመጣው በላይ ከተዛቀ ጎርፉ የጎደለበትን ከወንዙ ዳርና ከወለሉ እየቦረቦረ ይወስዳል። አሸዋ የወጣበት ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ፏፏቴ ሠርቶ ስለሚወርድ፣ የወለሉ መሸርሸር ወደ ላይ እየተጓዘ ማንም ያልቆፈረበት ቦታ ይደርሳል። የድልድይ እግር መሠረቱ ተገልጦ የሚቀረውም አንዱ በዚህ ነው። ጥፋቱን የሠራው ሰው ታች ነው ያለው፤ ድልድዩ ደግሞ ላይ።

በወንዝ ዳር ሽንኩርትና ማሾ የሚያለማ ገበሬ የእጅ ጉድጓዱ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ያስቡት፤ ከወንዙ ጋር ከተያያዘው አሸዋና ጠጠር ነው። በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ከጠቅላላው ከሩብ እስከ ሲሶ ይደርሳል፤ ላይ ላዩ የደረቀ ወንዝ በበጋ ሲጭሩት ውሃ የሚሰጠው ለዚህ ነው። አንድ ቢያጆ አሸዋ ሲጫን የውሃው መጋዘንም አብሮ ይጫናል። ገበሬው በመጀመሪያ የሚያስተውለው የሞተሩ ቱቦ አየር ሲስብ ነው። ቱቦ ይቀጥላል፣ ጉድጓዱን አንድ ክንድ ያወርዳል፣ ለከርሞ እንደገና ይቆፍራል። ጥፋቱንም በዝናብ እጥረት ብቻ ያሳብባል።

«በመስኖ መሬት ላይ የሚታየው ነጭ ነገር የባሕር ጨው ነው»

አይደለም። ውሃ ማፋሰሻ በሌለው ማሳ ላይ መስኖ ሲበዛ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ይጠጋል፤ ፀሐይ ውሃውን ስትወስደው ጨውን ትታው ትሄዳለች። በአዋሽ መካከለኛ ሸለቆ፣ በመልካ ሰዲና በአሚባራ እርሻዎች መሬት የተበላሸው በዚህ መንገድ ነው። ከአሸዋ ማውጣት ጋር አያገናኙት።

«አሸዋውን ቀምሼ ጨው ከሌለው ጥሩ ነው»

የባሕር አሸዋ ቢሆን ጨዉ ፌሮውን ስለሚያዝገው መጠንቀቁ ትክክል ነበር። የእኛን ወንዝ አሸዋ የሚያበላሸው ግን ብዙውን ጊዜ ደለልና ጭቃ ነው፤ ሲሚንቶው ከቅንጣቱ ጋር እንዳይያያዝ ያደርጋል። ልስኑ እየተላጠ ሲወድቅ ግንበኛውን ከመስደብ በፊት አሸዋውን መመርመር ይሻላል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ቀጥ ባለ የሚያሳይ ብርጭቆ ውስጥ እስከ ግማሽ አሸዋ ይጨምሩ፣ ውሃ ይሙሉበት፣ በደንብ ነቅንቀው ለጥቂት ሰዓታት ያስቀምጡት። አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከላይ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ሁለቱን በማስመሪያ ይለኩ። ደለሉ ከአሸዋው 6 በመቶ በላይ ከሆነ ወይ ይታጠብ ወይ ይመለስ። ውሃው ላይ ቁንጥር ጨው ቢጨምሩበት ደለሉ ቶሎ ይረጋል፤ በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ ጨው የጠቀመው እዚህ ብቻ ነው።

«የተፈጨ አሸዋ ቤት አያቆምም»

ያቆማል። ሰሜን ሸዋ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ አይቸግረውም። የተፈጨው ቅንጣት ማዕዘናማ ስለሆነ ቡኮው ይደርቃል፤ ግንበኛው ያን ሲያይ ዝም ብሎ ውሃ ይጨምርበታል፣ ኮንክሪቱ የሚደክመው ያኔ ነው። ድንጋዩ ሲፈጭ የሚወጣው ብናኝ ተነፍቶ፣ መጠኑ ተስተካክሎ ከገባ ለኮንክሪት ይሆናል። ለልስን ግን ሻካራ ስለሚሆን ከወንዝ አሸዋ ጋር ቀላቅለው የሚጠቀሙ አሉ።