ሾክ አብዞርበር ምንድን ነው? ለፒክአፕ የሚሆነውስ የትኛው ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ፒክአፕ ያለው ሰው ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚለው ይህን ነው፦ «ኋላው ተቀምጧል፤ ጠንካራ ሾክ ግጠምልኝ።» እውነቱን ነው፣ መኪናው ተቀምጧል። መድኃኒቱ ግን ሾክ አይደለም። ሾክ ጭነት አይሸከምም። ይህችን አንድ ነገር የያዘ ሰው ዕቃ ሊገዛ ሲሄድ በቀላሉ አይሸወድም።

በአብዛኛው ፒክአፕ ላይ ጭነቱን የሚሸከመው ከፊት ሞላው (የተጠቀለለው ብረት)፣ ከኋላ ደግሞ ባሌስትራው (ተደራርበው የታሰሩት የብረት ዝርግ ምላሶች) ነው። ሁለቱም ሲጫኑ ይታጠፋሉ፣ ሲለቀቁ ይፈናጠራሉ። ችግሩ ያለው መፈናጠሩ ላይ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ሞላው ይጨመቅና ይመለሳል፤ የሚያቆመው ከሌለ ደግሞ ከፍ ዝቅ ማለቱን ይቀጥላል። መኪናው ይዋልላል፣ ጎማው መሬት ይለቃል። መሬት የለቀቀ ጎማ ፍሬን ቢረገጥ አይዝም፣ መሪ ቢጠመዘዝም አይታዘዝም። የሾክ ሥራ ሞላውን ማረጋጋትና ጎማውን መሬት ላይ ማቆየት ነው።

እንዴት ነው የሚሠራው? ቱቦው ውስጥ ዘይት አለ። ዘይቱ ውስጥ ፒስተን አለ፤ ፒስተኑ ከሚያብረቀርቀው ዘንግ ጫፍ ላይ ታስሯል። ፒስተኑ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፣ ቀዳዳዎቹንም ስስ የብረት ቀለበቶች ይከድኗቸዋል። ጎማው ወደ ላይ ሲዘል ዘንጉ ይገባል፤ ዘይቱ ቀለበቶቹን እየገፋ በግድ ያልፋል። ሲመለስም እንዲሁ። በዚህ ትግል የመንገዱ ዝላይ ወደ ሙቀት ይቀየራል። በረጅም ኮረኮንች ላይ የተነዳ መኪና ሾኩ የሚፈላው ለዚህ ነው።

የሾክ ጉልበት በፍጥነት የሚወሰን ነው። ቀስ ብላችሁ ብትገፉት ይገባል፤ በኃይል ብትገፉት ይታገላችኋል። የቆመ መኪና ላይ ግን ዘይቱ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ የሚደግፈው ነገር የለም። «ጋዝ ያለውስ?» የሚል አይጠፋም። የጋዝ ሾክ ማሰሪያው ሲቆረጥ ዘንጉ በራሱ ስለሚወጣ፣ ጭነት የሚያነሳ ይመስላል። ሒሳቡን እንሥራው። ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ፣ በ25 ባር ግፊት፣ ወደ ውጭ የሚገፋው ወደ 39 ኪሎ አካባቢ ነው። የግራና የቀኙ ተደምረው አንድ ኩንታል ጤፍ አያነሱም። ጋዙ የተሞላው ሌላ ሥራ ስላለው ነው፤ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ኋላው የተቀመጠ ፒክአፕ መጀመሪያ ባሌስትራው ይታይ። የደከመ ከሆነ ይቀየር፣ ሁልጊዜ ከባድ ጭነት የሚጫንበት ከሆነም ለዚያ ክብደት የሚመጥን ይገጠምለት። ሾክ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ሾኩ ከባሌስትራው ጋር ካልተጣጣመ ምን ይመጣል? ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሐይቁ ዳር ቀበሌዎች የሚወስደውን ኮረኮንች አስቡት። በበጋ መንገዱ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ይሸበሸባል። ባዶ ፒክአፕ ላይ በጣም ጠጣር ሾክ ተገጥሟል እንበል። የመጀመሪያውን ጉብታ ሲመታ ባሌስትራው ይጨመቃል። ሾኩ ቶሎ እንዲመለስ አይፈቅድለትም። ሳይመለስ ሁለተኛው ጉብታ ይመጣል፣ ከዚያ ሦስተኛው። መኪናው እየተጨመቀ እየወረደ ይሄድና መጨረሻ ላይ የሚተጣጠፍበት ቦታ ያጣል። አሽከርካሪው «መንገዱ ነው» ይላል፤ እኔ ግን ጥፋቱን መጀመሪያ የምፈልገው ሾኩ ላይ ነው። ተቃራኒውም አለ። ከፎገራ ሩዝ ጭኖ የሚወጣ መኪና ላይ ለስላሳ ሾክ ካለ፣ ባሌስትራው በተፈናጠረ ቁጥር ኋላው ይነሳል፣ ፊቱ ይሰግዳል፣ ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ ይወዛወዛል።

ስለዚህ ስትገዙ መጀመሪያ የምትመልሱት ጥያቄ «መኪናዬ አብዛኛውን ቀን ስንት ኪሎ ይጭናል?» የሚለው ነው። ጥሩ አምራቾች ለአንድ የመኪና ሞዴል የተለያዩ አማራጮች አሏቸው፤ ለባዶ፣ ለመካከለኛ፣ ለከባድ። በዓመት ሁለቴ ለሚጫን ጭነት ብሎ ከባዱን የሚገዛ ሰው የቀረውን ጊዜ ሁሉ ወገቡን ያመዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ሙቀት ነው። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። አየር ከተቀላቀለበት ደግሞ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ በቀዳዳው ያለ ትግል ያልፋል። ሾኩ የዚያኔ ይደክማል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ናይትሮጅን የሚሞላው ዘይቱን ተጭኖ ይዞ አረፋውን ለመቀነስ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። ትዊንቲዩብ የሚባለው ቱቦ በቱቦ ውስጥ ነው፤ ፒስተኑ የሚሠራው በውስጠኛው ውስጥ ነው፣ የጋዙም ግፊት ዝቅተኛ ነው። ሞኖቲዩብ አንድ ቱቦ ብቻ ነው፤ ዘይቱንና ጋዙን ተንሳፋፊ ፒስተን ይለያቸዋል፣ ግፊቱም ከፍተኛ ነው። የሞኖቲዩብን አሠራር የፈጠረው ፈረንሳዊው ክሪስቲያን ቡርሲዬ ደ ካርቦን ነው። የጀርመኑ ቢልሽታይን አሳድጎት እ.ኤ.አ. በ1957 ለመርሰዲስ ቤንዝ መኪኖች አቀረበው። ዘይቱ በቀጥታ ከውጭኛው ግድግዳ ጋር ስለሚነካካ ሙቀቱን ቶሎ ያወጣል። በፍጥነት ለረጅም ሰዓት ኮረኮንች የሚነዳ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ታዲያ ሞኖቲዩብ ሁልጊዜ ይሻላል? አይደለም። የሞኖቲዩብ ፒስተን የሚንሸራተተው በራሱ በውጭኛው ቱቦ ውስጥ ነው። ድንጋይ ተፈናጥሮ ቱቦውን ካጎደጎደው ፒስተኑ እዚያ ላይ ይይዛል፣ ዕቃው አለቀ። ትዊንቲዩብ ውጭው ትንሽ ቢጎደጉድም ውስጠኛው እስካልተነካ ይሠራል። ቀስ ብሎ በድንጋያማ መንገድ ለሚሠራ የሥራ መኪና እኔ ወፍራም አካል ያለውን ጥሩ ትዊንቲዩብ እመርጣለሁ። ለፍጥነት ግን ሞኖቲዩብ። ከጎኑ ተጨማሪ ማጠራቀሚያ ያለው ደግሞ ብዙ ዘይት ስለሚይዝ ቶሎ አይሞቅም፤ ዋጋው ግን ለእውነተኛ ፈጣን ጉዞ ካልሆነ አያዋጣም።

ስለ ፍጥነት ካነሳን፣ ብዙ ወጣቶች የሚመኙት ፎርድ ሬንጀር ራፕተር ነው። የሾክ አምራቹ ፎክስ የሠራቸው 2.5 ኢንች ሾኮች አሉት። ሾኮቹ በመሀል ጉዟቸው ዘይቱን ባይፓስ በሚባል ተጨማሪ መተላለፊያ በቀላሉ ያሳልፋሉ፤ ወደ ጫፍ ሲደርሱ ይጠጥራሉ። ስለዚህ ተራ መንገድ ላይ ይለሰልሳል፣ ዘሎ ሲያርፍ ደግሞ በኃይል አይመታም። ድንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ራፕተር ከኋላ ባሌስትራ የለውም፣ ሞላ ነው፤ የግራና የቀኝ ጎማዎቹም ርቀት ሰፊ ነው። የሚጭነውም ከ800 ኪሎ በታች ነው፣ ተራው ሬንጀር ግን ወደ 1 ቶን ይጭናል። ሾኩን ብቻ ወስዶ ባሌስትራ ያለው ሃይሉክስ ላይ መግጠም ራፕተር አያደርገውም።

መኪናውን ከፍ ያስደረገ ሰው የሾኩን ርዝመት ሳያረጋግጥ አይግዛ። መኪናው 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የድሮው ሾክ ከቀረ፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ዘንጉ ጫፍ ላይ ይደርስና ይመታል፤ ማሰሪያውን እስኪነቅል ድረስ። በጣም ረጅም ሾክ ደግሞ መኪናው ሲጨመቅ ሻንሲው ላይ ካለው የላስቲክ ግጭት መከላከያ በፊት ራሱ ይጋጫል። መጋጨት ያለበት መከላከያው ነው።

ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ። አንዳንዱ ዘንጉ እንዳይዞር በፒንሳ ይይዘዋል። በፍጹም! አንዲት ጭረት ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት (ሲሉን) ቀስ በቀስ ትበላዋለች። ትዊንቲዩብ ከሆነ ከመገጠሙ በፊት ቀጥ አድርጎ ጥቂት ጊዜ መሳብና መግፋት ያስፈልጋል፣ ተኝቶ ሲጓጓዝ የገባው አየር እንዲወጣ። ቡሽ (ንዝረት የሚያለዝብ የላስቲክ ቀለበት) ያለባቸው ብሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ በጃክ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ቡሹ እንደተጠማዘዘ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

በክረምት የፎገራ ጥቁር ጭቃ ሾኩ ላይ ደርቆ ሲቀር ሙቀቱን ያፍናል፣ ዘንጉ ላይ ያለው አሸዋም ሲሉን ይፈጫል። መኪና ስታሳጥቡ ከሥር ውሃ አስረጩበት።

ሾክ ማለቁን ለማወቅ ዘይት ማፍሰሱን ብቻ አትጠብቁ። ኮረኮንች ላይ ቆየት ብላችሁ ከነዳችሁ በኋላ ቁሙና እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ሾክ አስጠጉ፤ አትንኩት፣ ያቃጥላል። የሚሠራ ሾክ ይሞቃል። አንዱ ብቻውን ቀዝቅዞ ካገኛችሁት ያለቀው እሱ ነው። ሲቀየር ግን ብቻውን አይቀየርም፤ በዚያው አክስል ላይ ካለው ጥንዱ ጋር ነው።