የሐና ስእለትና የሕፃኑ ድስት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሐና አልቅሳ ለመነች፣ ተሳለች፣ ሳሙኤልንም ወለደች። ስእለቷ ልጁን ለእግዚአብሔር ቤት መስጠት ነበር። ታዲያ ባሏ ሕልቃና ቤተሰቡን ይዞ ለመሥዋዕት ወደ ሴሎ ሲወጣ እሷ «ሕፃኑ ጡት እስኪጥል» ብላ ቤቷ ቀረች (1ኛ ሳሙ. 1)። ባሏም እሺ አላት። እኛ ጎረቤቷ ብንሆን «ስእለቷን አዘገየች» ብለን ባማናት ነበር። መጽሐፍ ግን አንዲት ነቀፋ አልጻፈባትም። ለእኔ ማጥባቷም የስእለቷ ክፍል ነበር።

እኅቶቼ፣ ልጅ እንደተወለደ የሚወጣውን ወፍራም ቢጫማ ወተት፣ እንገሩን፣ «ቆሻሻ ነው» ብለን የምናልበውና የምንደፋው እስከ መቼ ነው? በእሱ ፈንታ ለአራስ ልጅ ቅቤ እናስውጣለን። እንገሩ እኮ የእናት ሰውነት ያዘጋጃቸው፣ በሽታን የሚከላከሉ አንቲቦዲዎች የሞሉበት ነው። ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። እስከ 6 ወር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም፤ ከዚያ ምግብ እየተጨመረለት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ።

በእኛ በምእመናን ቤት ችግሩ የሚብሰው ከ6 ወር በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያለውን ሕፃን ጹም አትለውም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ድስቱ ግን ይጾማል። እንቁላል የነካው ማንኪያ፣ ወተት የፈላበት ዕቃ ከጾሙ ዕቃ ጋር እንዳይነካካ እየተባለ ልጁም ከድስቱ ጋር ይጾማል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ነቢያትና ፍልሰታ ሲጨመሩበት ገና አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ የዕድሜው ትልቅ ክፍል ይሆናል።

ከራሴ ልናገር። ልጄ 9 ወሩ ነበር፣ ጊዜው ዐቢይ ጾም። የንስሐ አባቴ ሊጠይቁን መጡ፤ እኔ በሽሮ ፍትፍት ላይ ነበርኩ። «ልጄ፣ ለሱ ምን ሰጠሽው?» አሉኝ። «ይሄንኑ ነው፣ አባ።» «ትናንትስ?» «ይሄንኑ።» ፍትፍቱን አዩት፣ ልጁን አዩት፣ «እሱን ማን ጹም አለው?» ብለው ዝም አሉ። አፈርኩ። በማግስቱ አንዲት ትንሽ ድስት ገዝቼ እጀታዋ ላይ ቀይ ክር አሰርኩባት፤ ቢላና ማንኪያም ለብቻ። እንቁላሉ በእሷ ይቀቀላል፣ ዕቃዎቹም ለብቻቸው ይታጠባሉ። የእኔም ጾም አልፈረሰም።

ሰውነት በሽታን የሚታገልበትን አቅም የሚገነባው ከፕሮቲን፣ ከብረት፣ ከዚንክና ከቫይታሚን ኤ ነው። ምስር ጥሩ ነው፣ ሽሮም ጥሩ ነው፤ ብቻውን በየቀኑ ሲሆን ነው የሚጎድለው። እንቁላል፣ ወተት፣ በደንብ የላመ ሥጋ፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ማንጎ ይፈራረቁለት። (ሳል ሲይዘው ማር ለምታልሱ፦ አንድ ዓመት ሳይሞላው በፍጹም!) ጤና ጣቢያ በየ6 ወሩ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታም አይቅርበት።

እጅ መታጠብን በተመለከተ ብዙ አልልም። ካህኑ እንኳ በቅዳሴ መካከል እጁን ይታጠባል፤ እኛ ሽንት ጨርቅ በቀየርንበት እጅ፣ ሳሙና ሳይነካው፣ ልጅ ልናጎርስ ነው? ለክርስትናው የመጣ እንግዳም ጉንፋን ይዞት ከሆነ ከሩቅ ይመርቅ፤ አፉን መሳም ግድ አይደለም። የሰው ዓይን ፈርታችሁ ጨለማ ክፍል የምትደብቁትንም ልጅ የጠዋት ፀሐይ አሳዩት።

«ጠበል እናጠምቀዋለን፣ ክትባቱ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወሩ፣ ሁለተኛው በ15 ወሩ ነው። ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ክትባቱንም ይከተብ።

ሐና ሳሙኤልን ለካህኑ ለዔሊ ካስረከበችው በኋላም በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። ልጅ ያድጋልና የአምናው አይበቃውም፤ ልኩን በዓይነ ሕሊናዋ ትገምት ነበር መሰለኝ። ለእኛ የክትባት ካርዱ ላይ የክብደት መስመር ተሠምሮልናል። በየወሩ ውሰዱትና አስመዝኑት፤ መስመሩ መውጣት ትቶ ከተኛ ወይም ቁልቁል ከሄደ የሚቀጥለውን ወር አትጠብቁ፣ በዚያው ዕለት ለጤና ባለሙያዋ አሳዩ።