ጌታ ያጣ ቤት፦ የመሀል አዲስ አበባ እርጅናና መልሶ ማልማት

የመሀል ከተማ መዳከም ሲነሳ ብዙ ጊዜ የአሜሪካዋ ዲትሮይት ትጠቀሳለች። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ገንዘብ ያለው ወደ ዳር ወጣ፣ መሀሉ ኦና ሆነ። የአዲስ አበባ ነገር ግን ሌላ ነው። እዚህ መሀል ከተማው ያረጀው ሰው ጢም ብሎበት ነው።

ብዙዎቹ አሮጌ ሰፈሮች የተቆረቆሩት በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ስማቸው ራሱ ይናገራል። ከጌታው ግቢ አጠገብ ወታደሩም አሽከሩም ጎጆውን ቀለሰ። ስለዚህ ሀብታምና ድሃ አጥር ለአጥር ይኖር ነበር። ቤቱ እንጨትና ጭቃ ነው፤ ጣሪያው ኋላ ላይ ቆርቆሮ ሆነ። ጭቃ ቤት ደግሞ በየጊዜው ምርጊት ይፈልጋል። የሚመርገው ካጣ መዝመሙ አይቀርም።

ሐምሌ 1967 ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ የተሻሉት ለኪራይ ቤቶች፣ ማለትም ቤት ለሚያከራየው የመንግሥት መሥሪያ ቤት። ኪራይም ተቀነሰ። ተከራዩ እፎይ አለ፤ እውነት ለመናገር ያ አዋጅ ባይኖር ብዙ ድሃ መሀል ከተማ ላይ ባልቆየ ነበር። ግን ኪራዩ ለአስርት ዓመታት እዚያው ቆመ። ከአንድ ቤት በወር ጥቂት ብር የሚሰበስብ ቀበሌ በምኑ ጣሪያ ይቀይራል? ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት ገንዘቡን አያፈስም፤ ላድስ ቢል እንኳ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቤቱ ጌታ አጣ። እንደኔ ከድህነቱም በላይ መሀል ከተማውን ያስረጀው ይሄ ነው።

ቤተሰቡ ግን እየበዛ ሄደ። አንድ ክፍል ውስጥ ከላይ ቆጥ ይሠራል፤ ልጆቹ እዚያ ይተኛሉ። ጓሮው ላይ ጭማሪ ይቀጠላል፣ ደባል ይገባል። ሽንት ቤቱ ለብዙ አባወራ አንድ ነው። ሲሞላ የሚመጥጠው መኪና ይጠራል፤ መኪናው ግን መንገዱ ጠቦት አፋፍ ላይ ይቆማል። እሳት ቢነሳም ያው ነው።

መፍትሔው ብዙ ዓይነት ነበር። በደርግ ጊዜ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ በግብረ ሰናይ ድርጅቶች እርዳታ ሰው ሳይነሳ ውሃ፣ ሽንት ቤትና የእግር መንገድ ተሠርቷል። ርካሽ መንገድ ነበር፤ ብዙም አልተገፋበትም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ኮንዶሚኒየም መጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ልደታ ሲፈርስ ብዙ ተነሺ እንደ ጀሞ ወዳሉ የዳር ሳይቶች ሄደ። ሰንጋ ተራ ላይ ዛሬ የባንክ ፎቅ ተደርድሯል። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ዋና ዋና መንገዶችን ተከትሎ የሚካሄደው የኮሪደር ልማት ፒያሳን፣ በ2017 ካዛንቺስን አነሳ። (ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው።) ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙዎች አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ጉራ ገብተዋል።

ሲነሳ ሁሉም እኩል አይነሳም። የግል ባለይዞታ ካሳና ምትክ ቦታ ያገኛል። የቀበሌ ተከራይ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት ይሰጠዋል። ደባሉ ግን መዝገብ ላይ የለም፤ ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ኮንዶሚኒየም የደረሰውም ቅድመ ክፍያና የባንክ ዕዳ ይጠብቀዋል። አንዳንዱ ቤቱን አከራይቶ እሱ ራሱ ርካሽ ቤት ፍለጋ ይወጣል። አዲሱ ቤት የራሱ ሽንት ቤት አለው፣ ውሃው ቤት ውስጥ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለሽንት ቤት ወረፋ ቆሞ ያደገ ሰው ያውቀዋል።

ጉልት ዘርግታ የምትኖር ሴት ግን ደንበኞቿን ይዛ አትሄድም። በዱቤ የሚሰጥ የሰፈር ሱቅም እንደዚያው። እድሩ ደግሞ አባላቱ በየሳይቱ ሲበተኑ ይቸገራል። አንዳንዱ ጎረቤት አብሮ አንድ ሳይት ስለደረሰው ድንኳኑን ይዞ ሄዶ እዚያ ቀጥሏል። አንዳንዱ ያለችውን ገንዘብ ተካፍሎ ፈርሷል።