የ1967ቱ ሕዝበ ውሳኔ ለአቦርጂኖች የመምረጥ መብት ሰጥቷልን?

በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1967 የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ለአቦርጂኖች (ለአገሪቱ ነባር ሕዝቦች) የመምረጥ መብት እንደሰጠ ተደጋግሞ ስለሚነገር ነጥቡን መለየት ይገባል። ከ90 በመቶ በላይ መራጭ የደገፈው ያ ድምፅ የለወጠው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የፌዴራሉ ፓርላማ በየግዛቱ ላሉ አቦርጂኖች ልዩ ሕግ እንዳያወጣ የሚያግደው ሐረግ ከሕገ መንግሥቱ ወጣ፣ የአገሪቱ ሕዝብ ብዛት ሲሰላ እነርሱ እንዳይካተቱ የሚያዝዘው አንቀጽ 127ም ተሰረዘ። በፌዴራል ምርጫ የመምረጥ መብታቸው ግን ቀድሞ በ1962 በተራ ሕግ ለሁሉም ተረጋግጦ ነበር፤ መምረጥ እንደ ሌላው ዜጋ ግዴታ የሆነባቸው፣ የሚገርመው፣ በ1984 ነው።

የግዛቶቹ ሁኔታ ይለያያል። ለምሳሌ በደቡብ አውስትራሊያ ግዛት ዋና ከተማ በአዴላይድ የሚኖር አቦርጂናዊ ወንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሳይቀር ለግዛቱ ምክር ቤት የመምረጥ ሕጋዊ መብት ሲኖረው፣ በኩዊንስላንድ ያሉ ብዙ አቦርጂኖች ግን የግዛቱ ፓርላማ በ1965 እስኪፈቅድላቸው ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው።