ሩት ካናል በተሠራለት መንጋጋ ውስጥ «ፖስት» ምንድን ነው?

አንድ አስተያየት ሰጪ ሰሞኑን ሩት ካናል (የታመመው ነርቭ ወጥቶ በሥሩ ውስጥ ያለው ቦይ የሚሞላበት ሕክምና) የተሠራለት መንጋጋ ጥርስ «በፖስት ካልተጠናከረ መሰበሩ አይቀርም» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም «ለእኔ አልገባልኝም፣ ተታልዬ ይሆን?» የሚሉ ጥያቄዎች ተከተሉ። ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። «ብረቱን ትከልልኝ» እያሉ ወንበሬ ላይ የሚቀመጡ ታካሚዎች ባይበዙ ኖሮ ዝም ብዬ ባለፍሁት ነበር።

ፖስት፣ ቦዩ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ የመሙያው የላይኛው ክፍል ተነሥቶ ወደ ሥሩ የሚገባና በሲሚንቶ የሚጣበቅ የብረት ወይም የፋይበር ዘንግ ነው። ሥራው በጠፋው የጥርስ አካል ምትክ የሚገነባው ጉቶ፣ እኛ ኮር የምንለው፣ የሚይዘው ግድግዳ ሲያጣ መያዣ መሆን ነው። ሥሩን ግን አያጠነክርም። ለፖስቱ ቦታ ለማስፋት ዴንቲን፣ ማለትም የሥሩ ግድግዳ የተሠራበት ጠንካራ አካል፣ በተፋቀ ቁጥር ሥሩ እንዲያውም ይሳሳል።

አናጢ መሮውን በመዶሻ ሲመታ የእንጨት እጀታው እንዳይሰነጠቅ ጫፉ ላይ የብረት ቀለበት ይደረግለታል። እጀታዬን ላጠንክር ብሎ መሃሉን በስቶ ሚስማር የሚሰድ አናጢ የለም፤ ቢያደርገው ሚስማሩ ሽብልቅ ሆኖ እንጨቱን ከውስጥ ይፈልጠዋል። መንጋጋም ባኘክን ቁጥር ከላይ የሚመታ እጀታ ነው፤ ቀለበቱም ክራውኑ፣ ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍነው ሥራ፣ ነው። ይሁንና ቀለበት የሚጠቅመው እንጨቱን ሲያቅፍ ነው፤ የተሰበረውን ጫፍ በማጣበቂያ ሞልቶ በማጣበቂያው ላይ ብቻ የተቀመጠ ቀለበት ብዙ ምት አይችልም። ስለዚህ ክራውኑ ከኮሩ አልፎ ወደ ታች ወርዶ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቁመት፣ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን ጤነኛ ጥርስ ዙሪያውን እንዲያቅፍ እንፈልጋለን። ፌሩል የምንለው ይህንኑ እቅፍ ነው፤ ስለ ፖስት ከሚወራው እኩሌታው ስለ ፌሩል ቢወራ ደስ ባለኝ። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል፦ የላላ እጀታ ውኃ ውስጥ ሲነከር አብጦ ይጠብቃል፤ በክራውን ሥር የገባ ምራቅ ግን ሲሚንቶውን አሟሙቶ የጥርስ መበስበስን ይጋብዛል።

አስተያየት ሰጪው ቀጥሎ «ነርቩ የወጣ ጥርስ ደርቆ እንደ ሸክላ ይሰባበራል» ይላል። ጥርሱን የሚያደክመው በዋናነት ድርቀት ሳይሆን በመበስበስና በመሰርሰር የጠፋው አካሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ አንድ የላቦራቶሪ ጥናት፣ ለሩት ካናል የሚከፈተው ቀዳዳ ብቻውን የጥርሱን ግትርነት 5 በመቶ ያህል ሲቀንሰው፣ የፊትና የኋላ ጠርዞቹን ያሳጣው ሰፊ ጉድጓድ ግን 63 በመቶ ያህል ቀንሶታል። ጥናቱ በተነቀሉ ፕሪሞላሮች፣ ማለትም ከትልልቆቹ መንጋጋዎች ፊት ባሉት ትንንሽ ጥርሶች፣ ላይ የተሠራ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ትልቁ መንጋጋ መውሰድ አይገባም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

መንጋጋ ደግሞ ከፊት ጥርስ የተለየ ዕድል አለው። ነርቩ የነበረበት ክፍል ሰፊና ጥልቅ ስለሆነ፣ የጥርስ መሙያው፣ ኮምፖዚቱ (ጥርስ መሰሉ) ወይም አማልጋሙ (ብረት መሰሉ)፣ እዚያው ውስጥ ገብቶ ኮሩን ይይዛል፤ ስለዚህ አብዛኛው መንጋጋ ፖስት አይፈልግም። ግድግዳዎቹ ከሞላ ጎደል ጠፍተው ኮሩ መያዣ ሲያጣ ግን ፖስት ተገቢ ነው፤ ያኔም በታችኛው መንጋጋ የኋለኛው ሥር፣ በላይኛው ደግሞ የላንቃው ሥር ይመረጣል፤ ጫፉ ላይም ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር መሙያ ሳይነካ ይቀራል። የታችኛው መንጋጋ የፊተኛ ሥር ጠማማ ነው፤ ወደ ሥሮቹ መገንጠያ ያለው ጎኑም ስስ ስለሆነ ለፖስት አይሆንም።

ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ እዚያው የፊተኛ ሥር ውስጥ የብረት ፖስት የገባለት፣ ክራውን ግን ያልተሠራለት ሰው መጥቶ ነበር። ድዱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል መግል የያዘች እብጠት ነበረች። መለኪያዬ በጥርሱ ዙሪያ በድዱና በጥርሱ መካከል 3 ሚሊ ሜትር እየገባ ቆይቶ፣ አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ሲደርስ 9 ሚሊ ሜትር ሰመጠ። ጥርሱ ሲነቀል ስንጥቁ ከፖስቱ ጀምሮ ቁልቁል ወርዶ ታየ። ሰውየው «ብረቱ እያለ እንዴት ተሰነጠቀ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ገንዘቡ ከፖስትና ከክራውን ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ኮሩ የሚይዘው ግድግዳ እስካለ ድረስ፣ ምርጫዬ የጥርሱን ማኘኪያ ጉብታዎች የሚሸፍነው ሥራ ነው፤ ሙሉ ክራውን ባይሆን እንኳ ኦንሌይ (የማኘኪያውን ገጽ ብቻ የሚሸፍን ከፊል ክዳን)፣ ወይም ጉብታዎቹ ዝቅ ተደርገው ከላይ በአማልጋም የሚሸፈኑበት ሥራ። ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ በጊዜያዊ መሙያ ወራት የሚቆይ ታካሚ ደግሞ ምራቅ ወደ ቦዩ እያስገባ ነው፤ የተሳካው ሩት ካናልም በዚያ ሊበላሽ ይችላል። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው አስቀድሞ ይንገረን፤ ስሌቱ ይለወጣልና።

ጥርሱ እስከ ድድ ተሰብሮ ለፌሩል የሚሆን ምንም ካልቀረ፣ ድዱንና አጥንቱን ዝቅ አድርጎ ጤነኛ አካል ማውጣት አንዱ መንገድ ነው። በመንጋጋ ላይ ግን ይህ የሥሮቹን መገንጠያ ሊያጋልጥ ይችላል፤ መገንጠያው ከፍ ብሎ በሚጀምርበት ጥርስ ላይ ፖስት ከመትከል ይልቅ መንቀልን ስመክር ታካሚው ብዙ ጊዜ ይከፋዋል።