ሐዋሳ ጭሷን ስትቆጥር

ምድርን የሚያሞቁ ጋዞችን ልቀት ለመቀነስ የምታቅድ ከተማ መጀመሪያ ትቆጥራለች። ግራ የሚያጋባው የቱ የእሷ ነው የሚለው ነው። ቆጠራው በሦስት ይከፈላል።

ከአቶቴ ፒያሳ የምትመላለስ ባጃጅ ቤንዚኗን እዚያው ሐዋሳ ታቃጥላለች፤ አንደኛው ይህ ነው። ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣ መብራት ነው። የእኛ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሚመነጭ ልቀቱ ትንሽ ነው። አምፖል መቀየር ከቆጠራው ይልቅ ለኪስ ይጠቅማል።

ሦስተኛው በከተማዋ ምክንያት ሌላ ቦታ የሚፈጠር ነው፤ ለምሳሌ ከከተማዋ ወሰን ውጭ የሚደፋ ቆሻሻዋ። ቆሻሻን አትናቁት! ሲበሰብስ የሚወጣው ሚቴን የተባለ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ገደማ ያሞቃል።

ከሰልስ? ከተማዋ ውስጥ ሲነድ የሚወጣው ሚቴን ለከተማዋ ይጻፋል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን የሚመዘገበው ዛፉ በተቆረጠበት ነው።