የሙያ ዕውቅናና ብቃት ተኮር ትምህርት በጤና ማበልጸግ ዲግሪዎች

ጤናን ማበልጸግ ሰዎች በጤናቸው ላይ የተሻለ ቁጥጥር እንዲኖራቸው የማስቻል ሂደት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የኦታዋ ቻርተር ደንግጓል። ከዚህ የተነሣ የዘርፉ ምሩቅ ስለ በሽታ ማወቁ ብቻውን አይበቃውም፤ ኅብረተሰብን ማሳተፍ፣ ባለሥልጣንን ማሳመንና የተለያዩ አካላትን ማቀናጀት ይጠበቅበታል። የሙያ ዕውቅና፣ ማለትም አንድ ትምህርት ወይም ባለሙያ የሙያውን መስፈርት ማሟላቱን ማረጋገጥ፣ የማስተማር ዘዴውን የሚለውጠውም በዚሁ በኩል ነው፤ ዕውቅና ሰጪው አካል የሚጠይቀው ምን ያህል ሰዓት እንደተማረ ሳይሆን ምን መሥራት እንደሚችል ነውና።

በአውሮፓ ከ2009 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. በተካሄደ ፕሮጀክት የዘርፉ መሠረታዊ ብቃቶች ተለይተዋል። በሥነ ምግባርና በዕውቀት ላይ የቆሙት እነዚህ ዘጠኝ የብቃት መስኮች ለውጥን ከማስቻልና ለጤና ከመሟገት አንሥቶ እስከ ግምገማና ምርምር ይደርሳሉ። ዓለም አቀፉ የጤና ማበልጸግና ትምህርት ኅብረትም በእነዚሁ ላይ ተመሥርቶ ትምህርቶችን ዕውቅና ይሰጣል፣ ባለሙያዎችን ይመዘግባል። ዕውቅና የሚፈልግ የትምህርት ክፍል እያንዳንዱ ብቃት በየትኛው ኮርስ እንደሚሰጥና በምን እንደሚመዘን ማሳየት ስላለበት፣ መጀመሪያ ምዘናውን ወስኖ ሥርዓተ ትምህርቱን ከዚያ ወደ ኋላ እየሄደ ይቀርጻል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ፣ በአዲስ አበባ መሃል፣ በጥቁር አንበሳ ግቢና አካባቢው፣ የሕክምናና የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ይሰጣል። በአገሪቱ የተቋማትና የትምህርት መስኮች ዕውቅና በ1995 ዓ.ም. ከተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተሸጋግሯል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ይህ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚቀርብ በመሆኑ ዕውቀትን በሚገባ ይለካል፤ መሟገትንና ማስተባበርን ግን ለመለካት ብዙም አይመችም፤ ይህም ትንሽ ድክመት አይደለም።

ለምሳሌ ተማሪዎች በመርካቶ ዙሪያ ተዘግቶ የቆየ የሕዝብ መጸዳጃ እንዲከፈት ጥረት አደረጉ እንበል። የዘርፉ መምህር የሚመዝነው ያስጻፉትን ፖስተር ውበት አይደለም፤ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጋር የተደረገውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ነጋዴዎቹ ያነሡትን ቅሬታና ተማሪዎቹ ዕቅዳቸውን በምን ምክንያት እንደለወጡ የሚያሳይ ማስታወሻ ነው። ይህን መሰሉ ማስረጃ በተማሪው የተግባር መዝገብ ውስጥ ተሰብስቦ በመስክ ተቆጣጣሪ ሲፈረምበት ለዕውቅና ገምጋሚም ይቀርባል። ይህ አመዛዘን ግን ጊዜና መምህር ይፈጃል፤ አንድ ተቆጣጣሪ ብዙ ተማሪ ሲመደብለት ፊርማው ለወጉ ብቻ ይሆናል፤ መዝገቡም የተሠራውን ሳይሆን የተሞላውን ማሳየት ይጀምራል። ስለዚህ ገምጋሚዎች የሰነዱን መሟላት ካዩ በኋላ ከተማሪዎችና ከመስክ ተቆጣጣሪዎች ጋር በአካል መነጋገራቸው ተገቢ ነው።